«የለም» ያላችሁትን መዝግቡ



ተመራቂዎች፣ የተማራችሁት የሥራ አመራር ነው። ብዙዎቻችሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ወይም የራሳችሁ ድርጅት ባለቤት ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ በየወሩ ጠረጴዛችሁ ላይ ሪፖርት ይቀመጣል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ሪፖርቱ ላይ ስለማይጻፈው ነገር ነው።

ኢንቴልን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ስሙ ከፕሮሰሰር ጋር ይነሣ እንጂ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲቋቋም እንጀራው የኮምፒውተር ሜሞሪ ነበር። የጃፓን ኩባንያዎች የተሻለ ሜሞሪ ይዘው ሲመጡ ምልክቱ የተደበቀ አልነበረም። የጃፓንንም የአሜሪካንም ምርት ይገዛ የነበረው ሂውሌት ፓካርድ በ1980 የጃፓኖቹ ብልሽት ከአሜሪካኖቹ በእጅጉ እንደሚያንስ በአደባባይ ተናገረ። ጃፓን ደርሰው የተመለሱ የኢንቴል ሰዎችም ይህንኑ አወሩ። ቤት ውስጥ የጠበቃቸው መልስ ግን «ሊሆን አይችልም» የሚል ነበር። ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ሳይሆን ያኔ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው አንድሪው ግሮቭ ራሱ ነው፤ በ1996 ባሳተመው መጽሐፉ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አለቆቹ እስከ 1985 አጋማሽ ሲከራከሩ፣ ታች ያሉት የምርት ዕቅድ ሠራተኞች የማንንም ውሳኔ ሳይጠብቁ የፋብሪካውን አቅም የተሻለ ትርፍ ወዳለበት ወደ ፕሮሰሰር ሲያዞሩ ቆይተዋል። ከሜሞሪ ለመውጣት ሲወሰን ከ8 ፋብሪካዎች ሜሞሪ ይሠራ የነበረው 1 ብቻ ነበር። ውሳኔው ለደንበኞች ሲነገርም የደነገጠ የለም፤ ብዙዎቹ ቀድመው ሌላ አቅራቢ ይዘዋል። እንግዲህ ደንበኛው ያውቃል፣ ዕቅድ ክፍሉ ያውቃል። ያላወቀው ከሁሉም የበለጠ መረጃ የሚቀርብለት የበላዩ ነው። ግሮቭም ሞኝ አልነበረም። ክፉ ወሬ ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው እየለሰለሰ ስለሚሄድ እንጂ።

በእኛ አገር ይህ ይብሳል ባይ ነኝ። ለአለቃ ደስ የማይል ነገር መንገር ድፍረት ነው ተብለን አድገናል። (እዚህ ያሉ አለቆች አይቀየሙኝ።) ስለ ለውጥ አንሰማም ማለት ግን አይደለም፦ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በይፋ ሲከፍት፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ፣ የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ሲጸድቅ ሁላችንም በዜና ሰምተናል። ዜና የሆነ ነገር ግን የመጀመሪያ ምልክት አይደለም፤ ጎረቤታችሁም እኩል ሰምቶታል።

የመጀመሪያው ምልክት የት እንዳለ ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛ ባንኩን ሲተው ብዙ ጊዜ ሂሳቡን አይዘጋም። ደመወዙ ይገባል፤ በዚያው ቀን በስልኩ ወደ ሌላ ቦታ ያሻግረዋል። ሪፖርቱ «የደንበኞቻችን ቁጥር አድጓል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ገንዘብ ከፋይ ግን ሰውየው መምጣት እንዳቆመ ታውቃለች። በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ሰልፉ ማጠሩን ያያል። የጠየቃቸው የለም እንጂ ይናገራሉ።

ወይም ወደ መኪና መለዋወጫው ገበያ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ሂዱ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ለመለዋወጫ ነጋዴው ምልክቱ የሽያጭ ማነስ አይደለም፤ ያሉት መኪኖች ገና ለዓመታት ይነዳሉ፣ ይበላሻሉ፣ ሽያጩ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ምልክቱ ለኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ የሚጠይቅ ሰው መጥቶ የሱቁ ልጅ «የለም» ብሎ ሲመልሰው ነው። የተሸጠው ደረሰኝ አለው። ተጠይቆ የታጣው ግን የትም አይጻፍም። ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ፣ «የለም» የተባለ ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍበት።

የሰማችሁትን ሁሉ ግን አትከተሉ። ለእያንዳንዱ ሹክሹክታ የሚሮጥ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ያደክማል፣ ገንዘብም ይጨርሳል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሦስት ሰዎች፣ ከተለያየ ቦታ፣ አንድ ነገር ከነገሩኝ እቀመጥና አጣራለሁ። ሲነገረኝ የተናደድሁበት ከሆነ ደግሞ ቀድሜ አጣራለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሥራ አስኪያጅ በሆናችሁ በመጀመሪያው ወር ደስ የማይል ወሬ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ምናልባትም እየፈራ ይመጣል። እውነት ሆነም አልሆነ፣ በባልደረቦቹ ፊት አመስግኑት። ሌሎቹ የሚያዩት እሱን ምን እንዳደረጋችሁት ነው።