መዝገባችን ሲቆለፍ
(ነገሌ ቦረና ላይ በተካሄደው የማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በራሳችን የደረሰውን ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ገንዘብ ያዣችን ኮምፒውተሩን ስትከፍት የቁጠባና የብድር መዝገባችን አልከፈት አለ። የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተለውጧል። ስክሪኑ ላይ «ፋይላችሁን ቆልፈናል፤ ቁልፉን ከፈለጋችሁ ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ይህ ራንሰምዌር ይባላል። ቤታችሁ ገብቶ የራሳችሁን ሳጥን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለእናንተው የሚሸጥ ሌባ ማለት ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ ነበረን። ሆኖም የምንገለብጥበት ዲስክ ቀንና ሌሊት ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ ይውል ያድር ስለነበር ቫይረሱ እሱንም አብሮ ቆለፈው።

የማህበሩ ገንዘብ የአባላት ላብ ነውና አልከፈልንም። የከፈለም ቢሆን ቁልፉን ለማግኘቱ ዋስትና የለውም። ያዳነን በእያንዳንዳችሁ እጅ ያለው የቁጠባ ደብተር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ቁጥር ከደብተራችሁ እያየን እንደገና መዘገብን። የአንዲት እናታችን ደብተር ግን ዝናብ መትቶት ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። የቡድኗ አባላት ቆመው ባይመሰክሩላት ኖሮ የዓመታት ቁጠባዋ መና በቀረ ነበር። ገንዘቧን ያስቀመጠችው እኛን አምና እንጂ ማሽኑን አምና እንዳልሆነ ነገረችን። አንገታችንን ደፋን።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። ማይክሮሶፍት ግን መከላከያውን ሁለት ወር ቀድሞ አውጥቶ ነበር፤ ኮምፒውተራቸውን አፕዴት ያላደረጉ ተጎዱ።

እህቶቻችን፣ የቦረና አርቢ ከብቱን ሁሉ አንድ ቦታ አያውልም። የሚታለቡት ከቤት ይቀራሉ፣ ሌላው መንጋ ወደ ፎራ ይወጣል። አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል። ፋይልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ወስነናል፦

1. መዝገቡ በ3 ቦታ ይኖራል፦ በኮምፒውተሩ፣ ቢሮ ባለ ዲስክ እና ከቢሮ ውጭ በተቆለፈ ሳጥን ባለ ሌላ ዲስክ።

2. ዘወትር ዓርብ ይገለበጣል፤ እንዳለቀ ዲስኩ ይነቀላል። ሁለቱ ዲስኮች በየተራ ይሠራሉ።

3. በወር አንድ ጊዜ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታያል። ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

4. በኢሜይልም ሆነ በቴሌግራም የመጣ ያልጠበቅነው ፋይል፣ ላኪውን ደውለን ሳንጠይቅ አይከፈትም። ባለሙያው እንደነገረን እኛን ያጠቃን ደረሰኝ መስሎ በኢሜይል የመጣ ፋይል ነው።

5. የሒሳብ ኮምፒውተሩ ላይ ፊልም አይጫንም፣ የውጭ ሰው ፍላሽ አይሰካም። ለአፕዴት የሚሆን የኢንተርኔት ጥቅል በየወሩ ይገዛል።

6. የአባላት የወረቀት ደብተር አይቀርም።

ድንገት ቢደርስ ደግሞ ኮምፒውተሩን ወዲያው ከኢንተርኔት ማለያየት፣ ዲስክ አለመሰካት፣ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ባለሙያ መጥራትና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማሳወቅ ነው።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የሰጣችሁን ኮምፒውተር ሥራችንን አቅልሎልናል። ወደፊት ለየቅርንጫፉ ኮምፒውተር ስትለግሱ ሁለት ዲስክና የአንድ ቀን ሥልጠና ጨምሩበት ስንል እንጠይቃለን። ዋጋው ከኮምፒውተሩ ያንሳል፤ የሚጠብቀው ግን የብዙ እናቶችን አደራ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። እኛ የጮኽነው ከሄደ በኋላ ነው። እናንተ ሳይመጣ በሩን ዝጉ።