ስለ ማርስ መኪናና ስለ አንዲት ደንጊያ የተነገረ ቃል

ልጆች ሆይ፤ ወራቱ በሆነ ጊዜ በሌሊት ወደ ሰማይ ብትመለከቱ፥ ከከዋክብት መካከል እንደ ፍም ቀላ ብሎ የሚታይ አንድ አለ፤ እርሱም ማርስ የሚባለው ነው። ማርስ ግን ኮከብ አይደለም፤ እንደ ምድራችን ፀሐይን የሚዞር፥ ደንጊያና አፈር ያለበት ዓለም ነው። የሚቀላውም በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ስለ ዛገ ነው። በዚያ ሕይወት ያለው ፍጥረት አለ ወይ፥ ወይስ በጥንት ዘመን ኖሮ ጠፍቷል ብለው ሊቃውንት ሲጠይቁ ኖረዋል።

ሰው እስካሁን ማርስን አልረገጠም፤ ስለዚህ አሜሪካኖች በሰው ፈንታ መኪና ላኩ። የመጀመሪያይቱ በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ደረሰች፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን በ2021 በየካቲት ወር ስላረፈችው ስለ አምስተኛይቱ ነው። ስሟ ፐርሰቪራንስ ነው፤ በቋንቋችን ጽናት ማለት ነው። ይህንንም ስም ያወጣላት እንደ እናንተ ያለ ተማሪ ነው።

መኪናይቱ ስድስት መንኰራኵር አላት፤ ክብደቷም 1025 ኪሎ ነው። በሰዓት 150 ሜትር ያህል ብትሄድ ነውና አህያ እንኳ ይቀድማታል። ትእዛዝ በራዲዮ ይላክላታል፤ ነገር ግን መልእክቱ እስኪደርስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ገደል አለ፥ ቁሚ ብሎ መጮኽ አይጠቅምም፤ መንገዷን ራሷ እያየች ትመርጣለች።

ያረፈችበት ስፍራ ጀዘሮ ይባላል። ስሙ በቦስኒያ ካለች ከተማ የተወሰደ ሲሆን፥ ባገሩ ቋንቋ ሐይቅ ማለት ነው፤ ስሙም ተስማምቶለታል። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ጐድጓዳ ስፍራ፥ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ ወንዝ የሚገባበት ሐይቅ ነበረና። የሐይቅ ጭቃ ደግሞ በውስጡ የተቀበረውን ደኅና አድርጎ ይጠብቃል።

በ2024 በሐምሌ ወር ወንዙ ይወርድበት በነበረው ሸለቆ ስትሄድ፥ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጕርጕር የሆነች አንዲት ደንጊያ አገኘች። ብትመረምራትም ካርቦን ያለበት ነገር፥ ደግሞም ብረት ከፎስፎርና ከድኝ ጋራ የተዋሐደባቸው ማዕድናት ተገኙባት። በምድራችን በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን በረግረግና በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ሲኖሩ፥ እንዲህ ያለውን ማዕድን ትተው ያልፋሉ።

እንግዲህ ሕይወት ተገኘ እንበል? ሊቃውንቱ አላሉም፤ ባለማለታቸውም አመሰግናቸዋለሁ። ይህ ማዕድን ያለ ሕይወትም ሊገኝ ይችላልና፥ በመስከረም 2025 ኔቸር በሚባለው መጽሔት ሲጽፉ የሕይወት ምልክት ሊሆን ይችላል ከማለት አላለፉም። የጠፋ በሬ የሚፈልግ ሰው ዱካ ያገኘ ሲመስለው፥ ዝናም የቦረቦረው ጕድጓድ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በ1996ም ከማርስ ወደ ምድር በወደቀች ደንጊያ ውስጥ የሕይወት ርዝራዥ ታየ ተብሎ፥ ወሬው በአሜሪካ ፕሬዚዳንት አፍ እስኪነገር ደርሶ ነበር፤ ኋላ ግን ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም።

ቍርጡ እንዲታወቅ ደንጊያይቱ ወደ ምድር መምጣት አለባት፤ ታላላቆቹ የመመርመሪያ መሣሪያዎች በመኪናይቱ ላይ አይጫኑምና። መኪናይቱ ከደንጊያይቱ ሰርስራ በቱቦ አሽጋ ይዛለች። ቱቦዎቹን የሚያመጣ ሮኬት ለመላክ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ2023 ወጪው ከ8 እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ ስለ ተገመተ፥ ነገሩ ተጓተተ። ይህን ያህል ገንዘብ ለድኻ ቢሰጥ ይሻላል የሚል ቢነሣ አልነቅፈውም። የደንጊያይቱ ነገር በ2025 በመጽሔት ሲወጣ፥ ቍራጯ እንደ ታሸገች በመኪናይቱ ሆድ ውስጥ ነበረች፤ መኪናይቱም ጕዞዋን አላቋረጠችም ነበር።