ለሁለት አንድ ደብተር

 

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ አብሯችሁ ዘፈን የሚሠራው ሰው ማን ነው?

በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊው ጊዜ፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ግጥም እሞክራለሁ፤ እሱ ክራር ይመታል። ማታ መውጣት ስለሌለ ሥራችን ሌሊት ነው። አከራያችን እንዳይነቁ እሱ ክሩ ላይ ጨርቅ ጣል ያደርጋል፣ እኔ በሹክሹክታ እዘፍናለሁ። ቤት አልመታ ያለኝን ስንኝ በባቲ ቅኝት ሲያዞርልኝ ሌላ ቃል ከየት መጣ ሳልል ይመጣል። «ይቺ ቃል ከበደች፤ ዜማው እዚህ ጋ ይወርዳል፣ ቀለል ያለች አምጣ» ይለኛል። እናደዳለሁ። ተኮራርፈን ከአንድ ሰሃን ሽሮ እንበላለን፤ በመጨረሻው ጉርሻ እንታረቃለን።

አንዱ ዘፈናችን በካሴት ወጣ። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ» ከሚለው አጠገብ የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነበር። አሳታሚው ሲጠየቅ «ቦታ ጠቦን ነው» አለ። የጓደኛዬ እናት ግን ገበያ ወርደው ካሴቱን ገዝተዋል። ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ ጠርተው «የልጄ ስም የቱ ጋ ነው?» አሉት። ልጁ ሽፋኑን አገላበጠ፣ ውስጡንም አውጥቶ አየ። ከዚያ ጣቱን የእኔ ስም ላይ አድርጎ «ይኸውና!» አላቸው። ይህን ያወቅነው ልጁ አድጎ ሲነግረን ነው። እማማ ሽፋኑን ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያሳዩ ኖረው ሞቱ።

የሊቨርፑሎቹን የዘፈን ደራሲዎች ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒን ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሲተዋወቁ አንዱ 16፣ አንዱ 15 ዓመቱ ነበር። ኖታ አያነቡም፤ ከትምህርት ቤት እየፎረፉ ፖል ቤት ጊታር ታቅፈው ይቀመጣሉ። የፖል እናት ቀደም ብለው ሞተዋል፤ በተከታዩ ዓመት የጆን እናት በመኪና ተገጭተው ሞቱ። እነዚህ ሁለት ልጆች ማን የበለጠ ጻፈ ሳይባባሉ፣ ዘፈኑ ሁሉ በሁለታችን ስም ይሁን ብለው ተስማሙ። ያን ያህል ብልሆች ነበሩ! በ1963 ግን የዘፈኖቻቸውን መብት የሚይዝ ኩባንያ ሲቋቋም ፈረሙ፤ ኩባንያው በ1969 ለሌላ ተሸጠ፤ በ1985 ደግሞ አብዛኞቹ ዘፈኖቻቸው ያሉበትን ስብስብ ማይክል ጃክሰን በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

እኛም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አለን። በጋራ የተሠራ ሥራ የጋራ ነው ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን አዋጁ በዚያች ሌሊት ክራሩን ማን እንደያዘ በምን ያውቃል? ስለዚህ ስቱዲዮ ሳትገቡ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ጻፉ። ቀን አስገቡበት፣ ፈርሙ። ሌላ ሰው ያመጣላችሁን ውል ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። «ከወንድሜ ጋር ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?» የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል። ባልና ሚስትም ይፈራረማሉ እኮ!

አሁን ደግሞ ከበሮውም ማሲንቆውም ላፕቶፕ ውስጥ አለ፣ ብቻችንን እንችላለን ትላላችሁ። ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ግን «ይቺ ቃል ከበደች» አይላችሁም። ጓደኛዬ ይላል፤ ይህን ንግግር ትናንት በስልክ ሳነብለት «ረዝሟል» ብሎ ግማሹን አስወጥቶኛል።

ከመድረኩ ኋላ ካርቶን ውስጥ ደብተሮች አሉ፣ ለሁለት ሰው አንድ። ማን ይያዘው ብላችሁ ግን እዚህ እንዳትጣሉ፤ ወላጆቻችሁ ምሳ ርቧቸዋል።