አጥር የሌለው ግዳይ፦ የደጋ አጋዘን አደንና የገበሬው ድርሻ



ወደዚህ አዳራሽ የመጣሁት ሾላ ገበያን አቋርጬ ነው። ቅቤ ተራው ጋ ስደርስ የዛሬው ርእሴ ታወሰኝ። ቅቤን ከአደን ጋር ምን አገናኘው የሚል ወጣት አይጠፋም። በቀድሞው ዘመን ዝሆን ወይም አንበሳ ጥሎ የተመለሰ አዳኝ አናቱን ቅቤ ይቀባ፣ ይዘፈንለት ነበር። ግዳዩ የእርሱ ቢሆንም ክብሩ ለወገኑ ይተርፍ ነበር። ዛሬ «ትሮፊ» ለሚባለው ነገር ከ«ግዳይ» የተሻለ አማርኛ አላገኘሁለትም፤ ልዩነቱ የዛሬው ግዳይ ባሕር ተሻግሮ መሄዱ ነው።

ከገበያው በላይ በሚታየው የእንጦጦ ተራራ የምኒልክ ድኩላ ይኖራል። የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ታላቅ ዘመዱ፣ ስለ ደጋ አጋዘን ነው። በዐሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው እርሱ ነው። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት እንደ ባሌና አርሲ ካሉ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም አይገኝም። እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 አድኖ ከወሰደው ተነሥቶ ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ስም አወጣለት። እንግዲህ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባው በግዳይነት ነው።

ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ነው። የውጭ አገር አዳኝ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍለው ለዚያ ጥምዝ ቀንድ ነው፤ ቀንዱ ደግሞ የዓመታት ሥራ ነው። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚራባ፣ ጥቂት ያረጁ ወንዶች ቢታደኑ መንጋው ብዙም አይጎዳም። ጎልማሳው ከታደነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ የኮታ ክርክራችን «ስንት ይገደል» በሚለው ላይ ብቻ መቆሙ ስሕተት ይመስለኛል፤ ቀዳሚው ጥያቄ «የስንት ዓመቱ» የሚለው ነው።

ችግሩን የሚያወሳስበው አጥር አለመኖሩ ነው። በባሌ ተራሮች ፓርክ ያደረ አጋዘን በማግሥቱ በአደን ቀበሌ ውስጥ ሊሰማራ ይችላል። በመካከሉ ደግሞ የገበሬው ገብስ አለ። አጋዘኑ ገብሱን ሲበላ ለገበሬው ካሣ የሚከፍል የለም፤ አዳኙ ከሚከፍለው ገንዘብም ከፊሉ የሚሄደው ወደ መንግሥት ካዝና ነው።

ደቡብ ቴክሳስን ተመልከቱ። በዚያም ረጅም አጥር ባልታጠረበት መሬት ነጭ ጅራት አጋዘን ይታደናል። የዱር አጋዘኑ የሕዝብ ነው፤ ወደ መሬቱ የመግባት ፈቃድ የሚሸጠው ግን ባለመሬቱ ነው። ጥቅሙ በእጁ ስለሚገባ ቁጥቋጦውን ይጠብቃል፤ ወጣቱን ወንድ ሳይነካ ያሳልፈዋል፤ አንዳንዱ ጎረቤቶቹም እንዲሁ እንዲያደርጉ ይማጸናል። እኛ ዘንድ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ያንን ሥርዓት እንዳለ መቅዳት አይቻልም። መቅዳትም አልፈልግም፤ አደን የባለጸጋ ርስት ሲሆን ማየት አይመቸኝም። ሆኖም ጥቅም ያላየ ሰው ጠባቂ አይሆንም።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1991 አይተነዋል። መንግሥት ሲለወጥ በባሌ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጋይሳይ ሜዳ አካባቢ፣ የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ፤ አጋዘኖችም በብዛት ተገደሉ። «የሰው ጭካኔ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን የማየው ለዓመታት የታመቀን ቂም ነው፤ ለእነዚያ ሰዎች አጋዘኑ መሬታቸውን የከለከላቸው መንግሥት ምልክት ነበር።

ለተመራማሪ ተማሪዎቼ አንድ ሥራ አለኝ። በየአደን ቀበሌው የወደቀ የእያንዳንዱ አጋዘን መንጋጋ ይቀመጥ፤ ዕድሜው ከጥርሱ መበላት ይገመት፤ ውጤቱም ለቀበሌው ነዋሪ በሚገባው ቋንቋ በየዓመቱ ይነበብለት። ከእያንዳንዱ ግዳይ የተገኘው ክፍያ ስንት እንደ ነበረ፣ ለማን እንደ ደረሰም በዚያው ጉባኤ ይነገር። የመጀመሪያው ንባብ ጠብ እንደሚያስነሣ አልጠራጠርም። ቢሆንም ይነበብ።