ዳዊትን በማን ላይ እንደግማለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሞጆ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አንደኛውን ቢይዝ ወደ አዳማ፣ ሁለተኛውን ቢይዝ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። በመለያያው ላይ መንገዶቹ ይቀራረባሉ፤ የተሳሳተ ሰው ግን ስሕተቱን የሚያውቀው ርቆ ከሄደ በኋላ ነው። እኛም በዚህች ከተማ ስንኖር ዳዊት እየደገምን መንገድ ስተን ነበርና፣ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ እንናገራለን።

እንደምታውቁት 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሎ ለየዕለቱ ተመድቧል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። ይህ ሥርዓት ሰው ደስ ያሰኘውን ብቻ መርጦ ሌላውን እንዳይተው ይጠብቀዋል። ልባችን ግን በሥርዓቱም ውስጥ ሆኖ ይመርጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጎረቤታችን ጋር በአጥር ወሰን ተጣላን። ሰላምታ ተቋረጠ፤ ልጆቻችንም አብረው እንዳይጫወቱ ከለከልን። ዳዊት መድገማችንን ግን አልተውንም። ሐሙስ በሆነ ቁጥር 108ኛው መዝሙር ላይ ስንደርስ ድምፃችን ከፍ ይል ነበር። ይህ መዝሙር በሐሰት የተከሰሰ ሰው ስለ ጠላቱ ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽበት ነው። እኛም የጎረቤታችንን ፊት በልባችን እያየን፣ ቀስ ብለን፣ እያጣጣምን እንደግመው ነበር። የማክሰኞውን 50ኛ መዝሙር ግን በቃላችን ስለምናውቀው ፈጥነን እናልፈው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሳይነጋ መብራት ጠፋ። ጧፍ እስኪገኝ ድረስ በቃላችን ካለው በቀር የምንደግመው አልነበረንምና፣ ያን የንስሐ መዝሙር በጨለማ ቀስ ብለን ደገምነው። ያን ጊዜ ነቢዩ ናታን ትዝ አለን። ናታን ስለ ባለጠጋውና ስለ ድኻው አንዲት በግ በነገረው ጊዜ ዳዊት ተቈጥቶ ሞት ፈረደ፤ የተፈረደበት ግን ራሱ ነበረ። እኛስ በየሐሙሱ የፈረድነው በማን ላይ ነው? አጥሩን ስናድስ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎረቤታችን ግቢ የገፋነው እኛ ነበርን። ይህንም እናውቅ ነበር።

ዳዊት ሳኦልን በዋሻ ውስጥ ባገኘው ጊዜ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቈርጦ ተወው፤ ፍርዱንም ለእግዚአብሔር ሰጠ። ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ ሰው ሰይፉን ያስቀምጣል። እኛ ግን መዝሙሩን ራሱን ሰይፍ አድርገነው ነበር።

ሲነጋ ወደ ጎረቤታችን ደጅ ሄደን፣ «ወንድማችን ሆይ፣ የበደልንህ እኛ ነን» አልነው። እርሱም ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «እኔም ሐሙስ ሐሙስ እደግምብዎ ነበር» አለን። ሁለታችንም አለቀስን። አጥሩንም አብረን ነቅለን ወደ ቀድሞ ቦታው መለስነው።

ምእመናን ሆይ፣ 108ኛውን መዝሙር ተዉት ማለታችን አይደለም፤ በእውነት የተገፋ ድኻ ጩኸት ነውና። ነገር ግን ማክሰኞ ከሐሙስ እንደሚቀድም አስቡ። ዳዊታችሁን ከማኅደሩ ስታወጡ በልባችሁ የያዛችሁት የማንን ስም እንደ ሆነ መርምሩ። የወንድማችሁ ስም ከሆነ፣ መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ደጁን አንኳኩ።

የዳዊት አምላክ የንስሐ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።