«ቤቶች!»

ተመራቂዎች፣ ጋውኑ እንደሚሞቅ አውቃለሁ፤ አላስረዝምም።

ይህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲያችን የተወለደው ከወረርሽኝ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በጎንደር አቅራቢያ፣ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በዓመቱ የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኑን፣ ማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። ሕክምና ፋኩልቲውም ዩኒቨርሲቲውም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለ ሕንፃዎቹ ሌሎች ይናገሩ።

እኔን የሚገርመኝ ዳባት ነው። ከዚህ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ወረዳ ተቋማችን በ1996 እ.ኤ.አ. የምርምር ማዕከል አቋቋመ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መረጃ ሰብሳቢው መዝገቡን ይዞ አጥር ሥር ይቆምና «ቤቶች!» ይላል። ውሻው ይጮኻል። በርጩማ ይወጣለታል። ከዚያ ይጠይቃል፦ ካለፈው ወዲህ የተወለደ አለ? የሞተስ? አግብቶ የወጣ? አዲስ የገባ? ከወራት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ሞት ካለ፣ ሐዘኑ ረገብ ሲል፣ ሟች እንዴት እንደታመመ ቤተሰቡን ያናግራል፤ ሳሉ ስንት ቀን ቆየ? ትኩሳት ነበረው? እግሩ አብጦ ነበር? ሐኪሞች ይህን አንብበው የሞቱን መንስኤ ይለያሉ። የቃል አስከሬን ምርመራ የምትሉት ይኸው ነው። ስሙ ነው የሚያስፈራው፤ ነገሩ ለቅሶ ደርሶ መጠየቅ ነው።

አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አብዛኛው ገጠሬ ሳይጻፍ ተወልዶ ሳይጻፍ ሲቀበር፣ በዳባት የጥናት ቀበሌዎች ሰው ይቆጠር ነበር። ተቋም አደገ ሲባል እኔ የምለካው በዚህ ነው፤ በታተመ ጽሑፍ ብዛት ብትለኩት አልጣላችሁም።

በምርቃት ቀን ቅሬታ ነውር ቢሆንም አንድ አለኝ፤ እሱም በሁላችን፣ በሙያው ሰዎች ላይ ነው። ጥያቄ ይዘን በር እናንኳኳለን፤ መልስ ይዘን የምንመለሰው ግን አልፎ አልፎ ነው። ባለቤቶቹ «ጽፋችሁ ሄዳችሁ፤ ታዲያ ምን አገኛችሁ?» ቢሉን ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ ልለምናችሁ። ነገ ከእናንተ አንዱ አጥር ሥር ሲቆም፣ ከመዝገቡ ጋር ያለፈውን ዓመት ውጤት በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ይዞ ይሂድ። ቡናው እስኪፈላ አንብቦ ይጨርሰዋል።