«አልስማማም» ብሎ ያስመዘገበውን መምህር ማን ያክብረው?

(በጨለለቅቱ ከተማ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ፕሮፌሰር የሚከበርበት ወግ የታወቀ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሲል አዳራሽ ይሞላል፣ ካባ ወይም ቡሉኮ ይደረብለታል፣ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ስንት መጽሐፍ እንደጻፈ፣ ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ፣ የት አገር እንደተማረ እንሰማለን። መልካም ነው፣ ይገባዋልም። እኔን የሚገርመኝ ግን የማይነበበው ነው። ይህ ሰው በሴኔት ስንት ዓመት ተቀመጠ? ሁሉም እጁን ሲያወጣ እሱ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው በየትኛው ስብሰባ ነው? በቃለ ጉባኤው ላይ የልዩነት ሐሳቡን ያስመዘገበው መቼ ነው? ይህ ሲነበብ የሰማ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

ወላጆች «ሴኔት ደግሞ ምንድን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሕንፃና ዘበኛ ብቻ አይደለም። ከታች የትምህርት ክፍል ጉባኤ አለ፣ ከዚያ የፋኩልቲው አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከዚያ በላይ ሴኔት። ምን ትምህርት ይሰጥ፣ ማን ዕድገት ያግኝ፣ ማን ይመረቅ የሚባለው በነዚህ ሸንጎዎች ነው። ልጃችሁ ያለ ጥፋቱ ተባረረ እንበል። መዝገቡን ሌሊት ተቀምጦ አንብቦ «ይህ ልጅ ተበድሏል» የሚል መምህር ከነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ ከሌለ፣ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ጨለለቅቱ ይመለሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር፣ ይሄ ምንም የማይበላበት ወንበር ነው። ትርፉ ድካም፣ ሲብስም ጥርስ ውስጥ መግባት ነው።

እናንተ ጌዴኦዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ያስታርቃሉ። በባሌ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ያን ቡናና እንሰት ከዛፉ ጋር ጠብቆ ያቆየው ተመካክሮ የሚተዳደር ሕዝብ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። ታዲያ የሶንጎ ሽማግሌ በአገሩ ሲከበር፣ በዩኒቨርሲቲ ሸንጎ የተቀመጠው ሽማግሌ ለምን ይረሳል?

መረሳት ብቻ ቢሆን ባልከፋ! በ1983 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ የሽግግሩ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲቀመጥ፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተወካይ ነበሩ። በኤዲንብራ የሠለጠኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የሕክምና ፋኩልቲው መሥራችና ዲን። በዚያ አዳራሽ የኤርትራን መለየት ብቻቸውን ተቃውመው ተናገሩ። ከእኝህ ሰው የፖለቲካ ሐሳብ ጋር የማይስማማ ሰው አለ፤ እዚህም መካከላችን ይኖራል፤ መብቱ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። መምህራን ወክለው የላኩት ሰው የልቡን ሳይናገር ቢመለስ ኖሮ፣ «ወክዬአችሁ ነበር» ብሎ ፊታቸው እንዴት ይቆማል? ውክልና ማለት እኮ ጭብጨባ ማሟላት አይደለም።

ዋጋውን ከፈሉ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ተማሪዎች ለሰልፍ ሲወጡ ተተኮሰባቸው፣ ሕይወት ጠፋ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር አሥራትን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። ሕዝቡ «አርባ ሁለቱ» ብሎ የሚያስታውሳቸው ናቸው። እድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰዎች በአንድ ደብዳቤ «ሂዱ» ተባሉ። ፕሮፌሰር አሥራት በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ፣ ሕመም ከጠናባቸው በኋላ በ1991 ዓ.ም. ተለቀው ለሕክምና ውጭ ሄዱ፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላዴልፊያ አረፉ። ስንቱን በቢላዋቸው ያዳኑ ሐኪም ለራሳቸው ሕክምና ጊዜ አለፈባቸው።

ከተባረሩት አንዱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት የመምህራን ማኅበሩን ይመሩ ነበር። እሳቸውም በ1988 ዓ.ም. ታስረው እስከ 1994 ዓ.ም. ወህኒ ቆዩ። የማኅበሩ አመራር አቶ አሰፋ ማሩ ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። አሰፋ ማሩ ፕሮፌሰር አልነበሩም፣ እንደ እናንተ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቀሪው መምህር ምን ተማረ? «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ብዙው ዝም አለ። ግን ዝምታውም ነቀዘ! ትምህርቱ ወረደ፣ ሴኔቱ ከላይ የመጣውን ማጽደቂያ ሆነ፣ ስብሰባው ግምገማ ተባለ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዶክተር እሸቱ ወንጨቆ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወንበር መልቀቅም በእኛ አገር ብርቅ ስለሆነ እሱም ክብር ይገባዋል።

«ያ ያለፈ ዘመን ነው፣ አሁን ሕግ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ አለ። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፣ በ2011 ዓ.ም. ሌላ ተተካ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ታወጀ። ደግ ነው። ነገር ግን ራስን ማስተዳደር በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ የሚመጣ ነገር አይደለም። አዋጁ ወንበሩን ይሰጣል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ግን አይሰጥም። እንዲህ ያለው ሰው የሚወጣው፣ ከሱ በፊት የተናገረው ሰው ሲከበር ወጣቱ አይቶ ከሆነ ነው። የተናገረው ሲባረር፣ ያጨበጨበው ሲሾም ያየ ወጣት መምህር ምን ይማር ይመስላችኋል?

በ1999 ዓ.ም. ራሱን የቻለው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ልጆቻችሁ እዚያ ይማራሉ፣ አንዳንዶቻችሁም ተምራችሁበታል። ስለዚህ ለሱም ለሌሎቹም ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በሸንጎ ያገለገለን መምህር የሚመርጡት ባልደረቦቹ ይሁኑ፣ በምስጢር ድምፅ። አለቃ የሚመርጠው ተሸላሚ የአለቃ ወዳጅ ነው።

ሁለተኛ፣ በሽልማቱ ቀን ቃለ ጉባኤው ይነበብ። ያሸነፈበት ክርክር ብቻ ሳይሆን የተሸነፈበትም፣ «አልስማማም» ብሎ ያስመዘገበውም ይነበብ። ተማሪው ይስማው።

ሦስተኛ፣ በቁም ይሁን። ከሞተ በኋላ ሐውልት፣ በሕይወት ሳለ ማባረሪያ ደብዳቤ፤ ይህ ወግ ይብቃን። የተባረሩት ሰዎችም ስም በየዓመቱ በተባረሩበት ቅጥር ግቢ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይጠራ።

እናንተም ዩኒቨርሲቲውን አትጠብቁ። በትምህርት ቤታችሁ ስብሰባ ላይ አንድ መምህር «ይህ ልክ አይደለም፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» ሲል አንገታችሁን አትድፉ። ባትደግፉትም ሐሳቡ እንዲመዘገብ ጠይቁለት። ያቺ አንዲት መስመር ነገ ለልጆቻችሁ መከራከሪያ ትሆናለች። ከቡሉኮውም በፊት ለመምህር የሚገባው ክብር ይህ ነው።